የወፍጮ ሰፈሩ ፎቶ የተነሳበት ዓመት

ብቸና ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። የተወለድኩት ግን ሞጣ ነው፤ አንድ ወፍጮ ቤት፣ አንድ የዘይት መጭመቂያና አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ጎን ለጎን ሲጮሁ በሚውሉበት ሰፈር። ወፍጮ ሰፈር እንለዋለን። አባቴ የወፍጮውን ሞተር የሚያንቀሳቅስ ሠራተኛ ነበር። እኔ ገና በእናቴ ሆድ ሳለሁ ከገበያ ታፍሶ ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤም መርዶም አልመጣም።

እናቴ ብቻዋን አሳደገችኝ፤ አምስት ዓመት ጠበቀችው። በመጨረሻ ዘመዶቿ ተሰብስበው፣ በሕይወት ቢኖር ወሬው ይሰማ ነበር ብለው ለአንድ አናጢ ዳሯት። ደግ ሰው ነበር። ወንድሜን ወለደችለት፤ አናጢውም ከሞተ ቆይቷል። እሷን ግን አንድ ነገር ሳይለቃት ኖረ። «መርዶ ሳልሰማ አገባሁ» ትላለች፤ ሰው ባይጠይቃትም ትላለች። የነፍስ አባቷ ደጋግመው አጽናንተዋት፣ በስተርጅና መቁረብ ከጀመረች ወዲህ ነው ትንሽ የቀለላት።

ባለፈው ዓመት አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ የሟች አባቷን ፎቶ ቤት ለማስረከብ ዕቃ ስታወጣ ላግዛት ሄድኩ። ሽማግሌው በየገበያው እየዞሩ ሰው ፎቶ ያነሱ ስለነበር፣ መሳቢያው በየከተማው ስም በተጻፈባቸው ፖስታዎች ተሞልቷል። ሞጣ የሚለውን ከፈትኩት። ሦስተኛው ፎቶ የእኛ ሰፈር ወፍጮ ቤት ነበር። ከፊት ለፊቱ ሰባት ሰዎች ተደርድረዋል። በግራ ጫፍ የቆመው ሰው አንድ እጁን በበሩ መቃን ላይ አሳርፏል፤ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። እናቴ ጋ ባለችው አንዲት የአባቴ ጉርድ ፎቶ ላይ ያንን ጠባሳ ልጅነቴን ሙሉ በጣቴ ስነካው ነው ያደግኩት። የወፍጮው ቀበቶ ተበጥሶ መትቶት ነው ይባላል።

ፎቶው ጀርባ ላይ ምንም አልተጻፈም። ጓደኛዬ ውሰጂው አለችኝ። በጸጥታ ችግር የተዘጋው መንገድ እስኪከፈት ሦስት ሳምንት ጠብቄ በሚኒባስ ሞጣ ገባሁ።

እናቴ አንዱን ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል። ፎቶውን በመስኮቱ በኩል አስጠግታ አየችና እሱ ነው አለች። ብዙ አላለቀሰችም። የተጋቡበት ዓመት የተነሳ መሆን አለበት አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ምን ጊዜ ነበራቸው። እኔ ግን ከጣሪያው ኋላ የቆመውን የመብራት ምሰሶና ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚወርደውን ሽቦ አሳየኋት። በዚያ ዘመን መብራት ሰፈራችን አልደረሰም ነበር አለች፤ ወፍጮው በናፍጣ ነበር የሚሠራው፣ ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ነበር ቤት የሚገባው። የድንኳን ቋሚ ሊሆን ይችላል አለች። ድንኳን ሽቦ የለውም አልኳት።

ይህን ስናገር ደስ ብሎኝ ነበር። መደበቅ አልችልም። ለተማሪዎቼ አንድ ነገር መቼ እንደሆነ ከነገሩ ከራሱ አንብቡ እያልኩ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው፤ እጄ ላይ እንዲህ ያለ ማስረጃ ገብቶ አያውቅም። ምሰሶው መቼ እንደተተከለ የሚያውቅ ሰው ልፈልግ ብዬ ወጣሁ። ዓመቱ ከታወቀ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አላሰብኩም።

ወፍጮ ሰፈር ግማሹ ለአዲስ መንገድ ተብሎ ፈርሷል። መሰንጠቂያው የለም፤ የዘይት መጭመቂያው አንድ ግድግዳ ብቻ ቀርቷል። ባልፈረሱት ቤቶች በሮች ላይ በቀይ ቀለም የማፍረሻ ምልክት ተደርጓል። ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ሱቃቸው ገና አልተነካም። ቤተሰባቸው ለሦስት ትውልድ እዚያው ቦታ ላይ ነግዷል። ፎቶውን ሰጥቻቸው ስለ ምሰሶው ጠየቅኳቸው።

ስለ ምሰሶው ሳይቸገሩ ነገሩኝ። ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው የተተከለው። የወፍጮው ባለቤት የናፍጣውን ሞተር አንስቶ በመብራት የሚሠራ ሲያስገባ ለማስታወሻ ይሁነኝ ብሎ ከብቸና ፎቶ አንሺ አስመጣ። ሲነሱ እሳቸውም ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው ያዩ ነበር። ፎቶ አንሺው እያሳቁ ያስተካክሏቸው ነበር አሉ። ከዚያ ፎቶውን መለሱልኝ።

«በግራ ያለው አባቴ ነው» አልኳቸው።

የድሮ ፎቶ ሰው ያመሳስላል፣ ተይው ልጄ አሉኝ። ጠባሳውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ መጥቶ ነበር» አሉኝ። «እኔ ነኝ የነገርኩት። ሚስትህ ሰው አግብታለች፣ ወልዳለች አልኩት። ሌላው ሰው ክፉ አድርጎ ከሚነግረው ብዬ።»

የቀረውን እየተቆራረጠ ነገሩኝ። አባቴ በሱዳን በኩል ዞሮ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ነው የደረሰው። ቤት ሳይሄድ በፊት ወደ ሥራ ቦታው መጣ። ሐጂ ከነገሩት በኋላ ሱቁ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ረጅም ጊዜ ቆየ። ልጄስ አለ። ልጅህ ደህና ናት፣ ትምህርት ቤት ገብታለች አሉት። የተማሪ መውጫ ሰዓት እስኪደርስ ጠበቀ። ልጆቹ በደጅ ሲያልፉ የትኛዋ ናት ብሎ ጠየቀ፤ ሐጂም በጣታቸው አመለከቱት። ከዚያ የወፍጮው ባለቤት የድሮ ሠራተኛዬ ብሎ ጎትቶ ከሰልፉ ጫፍ አቆመው፤ ፎቶው ተነሳ። ማታውኑ ወደ ደጀን በሚሄድ የእህል መኪና ተሳፈረ። እሳቸውንም ሰልፉ ላይ የነበሩትንም ለማንም እንዳይናገሩ አስምሏቸው ነበር። «አፌን ይዤ ኖርኩ፤ አንቺ ግን ምሰሶውን ይዘሽ መጣሽ» አሉኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ እዚያው መስኮት ሥር ነበረች። ምን አሉሽ አለችኝ። መዋሸት እችል ነበር። ድንኳን ነው አሉ ብላት ታምነኝ ነበር፤ ማመን ፈልጋለች። እኔ ግን ከመንገድ ጀምሬ ሳስበው፣ ቢያንስ በጦር ሜዳ እንዳልሞተ ብታውቅ ይቀላታል ብዬ ነበር። ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ የተማሪውን መውጫ ሰዓትም ጭምር።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እንግዲያ ባሌ በሕይወት እያለ ነው ሌላ ያገባሁት» አለች።

የማታውቂው ነገር ኃጢአት አይሆንብሽም አልኳት። በማግስቱ ጠዋት ሻይ ሳቀርብላት ያን ቀን ምን ለብሰሽ ነበር አለችኝ። አላውቅም አልኳት፤ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ንጹሕ ልብስ ይሁን ብቻ አለች።

ደጀን ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜ። የእህል መኪና ያሽከረክሩ የነበሩ አሮጌ ሹፌሮችን፣ አልጋ የሚያከራዩ ሴቶችን፣ መናኸሪያው አጠገብ ያሉትን ሁሉ ፎቶውን እያሳየሁ ጠየቅኩ። አንድ ሹፌር ረጅም ሰዓት ካየው በኋላ፣ በዚያን ጊዜ እግሩን እየጎተተ ከጦር ሜዳ የተመለሰው ስንቱ ነበር አለኝ። እዚያ ላይ ተውኩት። ሐጂም ሱቃቸው ሲፈርስ ልጆቻቸው ወስደዋቸዋል። ወፍጮ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ ጠጠር ተከምሯል፤ የመንገዱ ሥራ ግን ከተቋረጠ ሰንብቷል።

እናቴ መቁረብ አቁማለች። የነፍስ አባቷ ቤት ድረስ መጥተው፣ ሳታውቂ ነው፣ ንስሐሽንም ተቀብያለሁ ብለዋታል። እሳቸውን አትቃወምም፤ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። እሑድ ሲሆን ግን ከደጀ ሰላሙ አልፋ አትገባም። ሞጣ በምሄድበት ሳምንት አብሬያት እቆማለሁ። ቅዳሴው ሲያልቅ ቆራቢዎቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይወጣሉ፤ አብረዋት ይቆርቡ የነበሩት ሴቶች ያዩዋታል፣ መናገር ስለማይችሉ በራሳቸው ንቅናቄ ብቻ ሰላም ይሏታል። እሷም እንዳትነካቸው ወደ ግድግዳው ጠጋ ትላለች።