የችሎት አስከባሪው ኮት

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ምላሷም እጇም የተሳሉ ስለሆኑ ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። የሰው ትከሻ አንዴ ካየች አትረሳም። ፊት ግን ትረሳለች፤ እኔን የወንድሟን ልጅ እንኳ መንገድ ላይ ስንቴ ዝም ብላኝ እንዳለፈች!

የእኛ ሃይማኖት ተከታዮች ጥቂት ነን። ባለፈው ዓመት በጠራራ ፀሐይ ዱላ የያዙ ሰዎች መጥተው የጸሎት ቤታችንን አቃጠሉ፤ ሱቆቻችንን እየመረጡ ዘረፉ። እንዴት ለዩአቸው አትበሉኝ፤ ጎረቤት አይደሉ? አክስቴ በስልሳ ዓመቷ አጥር ዘላ አመለጠች። የባሏ ክንድ ግን ተሰበረ፤ ዛሬም አይዘረጋለትም። ይህን ስጽፍ ደሜ ይፈላል።

ቀጥሎ ሕግ ወጣብን። የእኛ ሰው ሱቁን ስድስት ወር ከዘጋ፣ ሱቁ ለጠየቀ ሰው ይሰጣል። የሚተርፍለት ተዘርፎ መዝጋቱን ካስመሰከረ ብቻ ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ ምስክር መሆን አይችልም። ሕጉን ያረቀቀው ሰው ሳይስቅ ጽፎት ከሆነ ይገርመኛል። የአክስቴን ሱቅ የጠየቀው አጠገቧ ያለው ሥጋ ሻጭ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሥጋ ሻጩ አዲስ ጥቁር ኮት ለብሶ ፍርድ ቤት መጣ። «ማንም አልዘረፋትም፤ በገዛ ፈቃዷ ጥላው ሄደች» አለ።

«ምስክር አለሽ?» አሉ ዳኛው።

«ባሌ አለ።»

«ሕጉን ታውቂያለሽ።»

«አሳምሬ! እንግዲያው ኮቱን ይዩልኝ፣ ክቡር ዳኛ። ስፌቱ የእኔ ነው።»

«ከገበያ ነው የገዛሁት!» አለ ሥጋ ሻጩ።

«ታዲያ ግራ ትከሻህ ላይ ምን አበጠብህ? ጥጥ የጨመርኩበት ግራ ትከሻው ዝቅ ላለ ሰው ነው። እጅጌህንም እስቲ ገልብጠው።»

ገለበጠው። ጫፉ በነጭ ክር ለጊዜው ብቻ ተይዟል። አክስቴ የልብሱ ባለቤት መጥቶ ለመጨረሻ ጊዜ ሳይለካው እጅጌ አትጨርስም፤ ልማዷ ነው። ችሎቱ በሳቅ ተሞላ።

«የኮቱ ባለቤት ማነው?» አሉ ዳኛው።

አክስቴ ዝም አለች። እሷ፣ ዝም! በጓሮ በር ተደብቀው የሚያሰፉ ከእነሱ ሃይማኖት የሆኑ ደንበኞች ነበሯት፤ ስማቸውን ላታነሣ ቃል ገብታላቸዋለች። ዝም ካለች ሱቋ እንደሚሄድ ታውቃለች።

በሩ አጠገብ የቆመው ችሎት አስከባሪ ጉሮሮውን ጠረገ። ሽማግሌ ነው፤ ግራ ትከሻው ዘንበል ያለ። ወደ ሥጋ ሻጩ ሄዶ «አውልቅ» አለው። ኮቱን ሲለብሰው ትከሻው ቀጥ አለ።

«የእኔ ነው» አለ። «ሱቋ የተዘረፈ ጊዜ እዚያው ተሰቅሎ ነበር። የእኔ ቃል ይጻፋል፣ አይደል?»

ተጻፈ።

አክስቴ ከነጠላዋ ጫፍ መርፌዋን ነቀለች። «ጋሼ፣ እጅዎን ያምጡ፤ አልጨረስኩልዎትም።»

«እዚህ እኮ ፍርድ ቤት ነው!» አለ ጸሐፊው።

«ስድስት ወር ዘግይቻለሁ» አለችው፣ ቀና ሳትል።

ዳኛው ውሳኔውን ለማንበብ ወረቀቱን አነሡ፤ ክሩን በጥርሷ እስክትበጥስም ጠበቋት።