ልክነሽ የደበቀችው ወረቀት

ልክነሽ በኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ስትቆርጥና ስትሸከም አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሁለት ልጆች በሰባተኛ ወራቸው ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። ሦስተኛውን ስታረግዝ አማቷ እማማ በለጥሽ እንኳን ደስ ያለሽ አላሏትም።

«ይሄንንም እንደነዚያ ልትጥይው ነው?» አሏት፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ።

«እኔ ነኝ የጣልኳቸው?»

«ታዲያ እኔ ነኝ? ጎሜ አለብሽ። ተናገሪና ቤቱ ይንጻ።»

ጎሜ በጋሞ ዘንድ ክልክል ከመጣስ የሚመጣ መቅሠፍት ነው። የተደበቀው ጥፋት በሽማግሌ ፊት እስኪነገር ድረስ ከብትም ልጅም አይበረክትም ይባላል። እማማ በለጥሽ ከካምባ ወርደው ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር ከገቡ፣ በየእሑዱም ወንጌል ሲሰሙ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ይህን ግን አልተዉም።

ክፋቱ፣ ልክነሽ የደበቀችው ነገር ነበራት። በአምስተኛው ወር ሽንቷን ስትመረመር አዋላጅዋ ሲስተር ኢየሩስ ባክቴሪያ አገኘችባት። ለሰባት ቀን የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘችላትና «ሕመም ባይሰማሽም ጨርሺው» አለቻት። ወረቀቱ ላይ «ኢንፌክሽን» የሚል ተጽፏል። በሰፈራቸው ደግሞ ኢንፌክሽን አለባት የተባለች ሴት ከባሏ ውጭ የሄደች ናት። ባሏ ሳምሶን ቢያነበውስ? ወረቀቱን ፍራሽ ሥር ከተተችው። መድኃኒቱንም አልገዛችም።

በሳምንቱ እማማ በለጥሽ ሽማግሌ ጠሩ። ዋናው ሽማግሌ አባባ ዳልጮ ከሌሎቹ ጋር ግቢው ውስጥ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ በእግዚአብሔር ፊት፣ የደበቅሽው አለ?»

ልክነሽ ወደ ቤቱ በር ዞር ብላ አየች።

«ፊቷን እዩት!» አሉ እማማ በለጥሽ። «ሁለት ልጅ የበላ አፍ ምን ብሎ ይናገር!»

የለም ማለት ቀላል ነበር፤ በእግዚአብሔር ስም መዋሸት ግን አልሆነላትም። ገብታ ወረቀቱን አመጣችና አባባ ዳልጮ ጭን ላይ ጣለችው። «ይኸው! ኢንፌክሽን አለብሽ ተብያለሁ። ከባሌ ሌላ ወንድ አላውቅም።»

ሳምሶን ብድግ አለ። «ከማን አመጣሽው?»

«ተቀመጥ» አሉት አባባ ዳልጮ። «ጉዳይ ሳያልቅ ከሸንጎ አይነሣም። የጻፈችው ራሷ መጥታ ታንብበው።»

ሰው ተላከባትና ሲስተር ኢየሩስ ከሥራ ስትወጣ በባጃጅ ደረሰች። የሳምሶንን ጥያቄ ሰማች።

«ከራሷ አንጀት ነው» አለችው። «ባክቴሪያው እዚያ ይኖራል፤ ጥፋቱ ወደ ሽንት መሥመር ሲገባ ነው። በአንተም ሆድ ውስጥ አለ። በእማማም ሆድ ውስጥ አለ።»

«እኔ? እኔ ዕድሜ ልኬን ንጹሕ ነኝ!» አሉ እማማ በለጥሽ።

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ሰውነቷ ጠላት ገባብኝ ብሎ ይዋጋል» አለች ሲስተር ኢየሩስ። « ውጊያው ሲበረታ ማህፀኑን ምጥ ያስጀምረዋል፣ ልጁም ያለ ጊዜው ይወጣል። የሞቱት በዚህ ነው አልልም፤ ያኔ አልተመረመረችም። ይሄኛውን ግን ለመጠበቅ እንሞክራለን።»

ይህን ታሪክ የምጽፈው እኔ ስለዚህ ነገር በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የሰውነት መከላከያ እግዚአብሔር ያቆመልን ዘበኛ ነው፤ ሌባ ሲያሳድድ ግን ግድግዳም ሊያፈርስ ይችላል። ይህን እንኳ ለማወቅ ስለበቃን ተመስገን።

«የተደበቀው ተነገረ» ብለው ፈረዱ አባባ ዳልጮ። «መድኃኒቱን ትዋጥ።»

ሳምሶን ገዝቶ አመጣ፤ ይቅርታ ግን ከአፉ አልወጣም። ሰባቱን ቀን ሙሉ አማቷ በየማለዳው «የሽንት ኪኒን ልጅ ሲያሳድግ የት ታየ!» እያሉ፣ እሷ ፊታቸው ቆማ ዋጠች። እንደገና ስትመረመር ባክቴሪያው ጠፍቷል።

ዘጠኝ ወሯን ጨርሳ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። እማማ በለጥሽ ገንፎ ይዘው መጡ።

«አየሽ? ስለተናገርሽ ነው የጸናችልሽ።»

«ስለዋጥኩ ነው።»

«አሁንም አፍ አላት! በይ ልጄን ስጪኝ።»

«የእኔ ልጅ መጀመሪያ ትጥባ» አለች ልክነሽ፣ ወደ ግድግዳው ዞራ።

ሕፃኗ ጡት ጠብታ እስክትጠግብ ድረስ እማማ በለጥሽ ቆመው ጠበቁ።