በቡናችን መሃል የሄደው ውሃ

ዛሬ ጠዋት ሚዛን አማን ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር እስካቫተር ቦይ ሲቆፍር የጥቁር ጭቃው ሽታ ቢመጣብኝ፣ ጃንጥላዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ረግረግ መሬት ሲከፈት የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል፤ ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፣ እኔን ግን ልጅነቴ ይሸተኛል።

ሰፈራችን አንድ ጎድጓዳ ረግረግ ከብቦ የተቀመጠ ነበር። የሚዛን ዝናብ ከጀመረ መቼ እንደሚያቆም አይታወቅምና ረግረጉ ሞልቶ ቤት ይገባል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ጎረቤታችን ባለሱቁ ጋሽ ንጉሤ ቤት፤ የጨው ጆንያቸውን አልጋ ላይ አስተኝተው እሳቸው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ያድሩ ነበር። ሰፈሩ ውሃውን በቦይ ወደ ወንዙ ሊያወርድ ተስማማ፤ ቁልቁለቱ ግን በእኛ ጓሮ በኩል ብቻ ነበር፣ አባቴ ሳይሞት በተከላቸው ቡናዎች መሃል።

እናቴና ጋሽ ንጉሤ ደግሞ የእሳቸው ፍየል ጎመናችንን ከበላች ወዲህ ተኳርፈው ነበር፤ አጥር ለአጥር ቆመው ነገር የሚወራወሩት በእኔ አፍ ነበር። ጋሽ ንጉሤ ሽማግሌ ይዘው ሲመጡ እናቴ ቡናዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ እኔን ሳትልክ ራሷ፣ «ቆፍሩ፤ ቡናውን ግን ማንም እንዳይነካው፣ እኔው እነቅለዋለሁ» አለቻቸው። ነቀለችውም፤ እያለቀሰች።

ደቦው ወጣ፤ እያንዳንዱ ቤት በደጁ ያለውን ቆፈረ። የመጨረሻዋን አፈር የሚንደው ቦዩ የሚያልፍበት መሬት ባለቤት ነው ተባለና ዶማውን ለእናቴ ሰጧት። ውሃው መጀመሪያ በር ላይ እንደቆመ እንግዳ አመነታ፤ ከዚያ ረግረጉ እንዳለ ተንቀሳቀሰ፣ ሣሩ፣ እንቁራሪቱ፣ ጋሽ ንጉሤ ዓመቱን ሙሉ የፈለጉት ጫማ ሳይቀር በጓሯችን አልፎ ቁልቁል ሄደ። ውሃ ብቻ ሆኖ በማውቀው ቦታ መሬት ቀስ እያለ ብቅ ሲል አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያስደነቀኝ ግን የለም።

በወጣው መሬት ሰፈሩ ጎደሬ ተከለበት። ጋሽ ንጉሤም ክረምት ሊገባ ሲል አካፋቸውን ይዘው ከራሳቸው ደጅ በፊት የእኛን ቦይ ይጠርጉ ነበር፤ ፍየሏን ግን እናቴ እስከ መጨረሻው ይቅር አላለቻትም።

ሁለቱም ዛሬ የሉም፤ ቦዩ ላይም ሱቅ ተሠርቶበታል። ዘንድሮ ውሃው ተመልሶ ሲመጣ እንደ ሁሉም ሰው እኔም በሬ ላይ የአሸዋ ጆንያ ደረደርኩ። ውሃው እኔን ትቶ ጎረቤቴ ቤት ገባ። የጎረቤቴን ስም አላውቀውም።