ከመሪጌታ ወለል በታች

በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሠላሳ ዓመት ያህል የተበላሸ ነገር ስጠግን ኖሬአለሁ። የኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ያም ሆኖ ዲፕሎማ የያዙት ሲያቅታቸው «ደምሴን ጥሩት» ይባል ነበር። ይህን የምጽፈው ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ከሙያው ከወጣሁ በኋላ ነው፤ በሥራው ላይ ያላችሁ ታናናሾቼ ታነቡታላችሁ ብዬ።

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ አርብ ገበያ ከተማ፣ በገበያው ቀን ነበር። አንድ የስማዳ ገበሬ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ በአገልግሉ ይዞ መጣ። የነበረኝ አንድ መፍቻና በከሰል እሳት የማግለው የብየዳ ብረት ነው። ፈታሁት፤ የተላቀቀ ሽቦ አገኘሁ፤ በየድሁት። ሬዲዮው ሲናገር ገበሬው «ማን አስተማረህ?» አለኝ። «ራሴ» አልሁት። ከዚያ ወዲህ ይህን መልስ ስሰጥ ኖርሁ። ማብዛቴ ሳይጎዳኝ አልቀረም።

ከሬዲዮ ወደ ፍሪጅ፣ ከፍሪጅ ወደ ወፍጮ ሞተር ተሻገርሁ፤ ንፋስ መውጫም ሱቅ ከፈትሁ። መሪጌታ ጥበቡ ያስጠሩኝ በዚያ ዘመን ነው።

መሪጌታ ዜማ የሚያስተምሩ አዛውንት ነበሩ። ቤታቸው ተዳፋት ላይ የቆመ፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ የድሮ ቤት ነው። ከጣውላው በታች ሰው በሆዱ እየተሳበ የሚገባበት ክፍተት አለ። ጉሙ ከገደሉ ሲነሣ በግንቡ የንፋስ ቀዳዳዎች ይገባና መሬቱን ያረጥበዋል፤ እርጥበቱም በጣውላው መካከል ወደ ላይ ይወጣል።

ሳጥን ከፍተው አሳዩኝ። በውስጡ ከመምህራቸው የወረሱት የብራና የዜማ መጽሐፍ ነበር። በኅዳጉ ላይ መምህሩ በገዛ እጃቸው የጻፉት ማስታወሻ አለ። ዳር ዳሩን ሻጋታ ጀምሮታል።

«የኔታ፣ ለምን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አይወስዱትም?» አልሁ።

«የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል። ከላይ ከሚመጣ ውኃ ከታች የሚመጣ እርጥበት ይሻላል ብዬ ነበር። ይኸው አልተሻለም።»

ደብረ ታቦር በነርስነት የምትሠራው ልጃቸው እርጥበት መምጠጫ ማሽን ይገዛ ብላ ነበር። ማሽኑ እርጥቡን አየር ይስብና በቀዝቃዛ ቱቦ ላይ ውኃ አድርጎ ያንጠባጥበዋል። ምርጫው ለእኔ ተሰጠ።

ባሕር ዳር፣ የመድኃኒት መጋዘን ዕቃ ከሚያስመጣ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ «ትልቁን ይውሰዱ፤ አዳራሽ ያደርቃል» አለኝ።

«በብርድ ጊዜ ቱቦው በረዶ ሲይዝ ራሱ ያቀልጣል?»

«ምን ብርድ አለ፣ አባት?»

«የምወስደው ንፋስ መውጫ ነው፣ ልጄ። እዚያ በጋቢ ላይ ጋቢ ነው የሚደረበው።»

ትንሹን መረጥሁ። በረዶውን ራሱ ያቀልጣል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው ይነሣል። ውኃውን በጎማ ቱቦ ያወጣል፤ ባልዲ ለመድፋት በየቀኑ ከወለል በታች የሚሳብ ሰው የለምና። ኮረንቲ ከሚያስተካክል ስታቢላይዘር ጋር አስጭኜ ተመለስሁ። በዚያ ምርጫ ዛሬም የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ተስቤ ገብቼ ማሽኑን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቆምሁት። ጎማውን በንፋስ ቀዳዳ አሳልፌ ወደ ውጭ ሳወጣው የመሪጌታ ባለቤት ወይዘሮ የሻረግ መጡ።

«አያ ደምሴ፣ ያ ውኃ እንዲያው አይባክን፤ ለጌሾዬ አድርግልኝ» አሉኝ።

በእኛ አገር ውኃ አይደፋም። የእጅ መታጠቢያውም የዕቃ እጣቢውም ለጌሾ ነው። ጌሾው በግንቡ ሥር ተደርድሮ ተተክሏል። ጎማውን እዚያው ተውሁት። «ወለል የሚያደርቅ፣ ጌሾ የሚያጠጣ፤ ይህን የሚያውቅ ደምሴ ብቻ ነው» ብዬም ፎከርሁ።

ክረምቱ አለፈ። ከማሽኑ ጋር የገዛሁት የእርጥበት መለኪያ ከሰማንያ በመቶ አልወርድ አለ። በኮረንቲው አሳበብሁ። ማጣሪያውን አጠብሁ። የወይዘሮ የሻረግን የወጥ እንፋሎት ሳይቀር ወቀስሁ።

«ደምሴ፣ ይህ ማሽንህ ጾም አያውቅም እንዴ? ሲጠጣ ይውላል፣ አይጠግብም» አሉ መሪጌታ።

«መሬቱ ገና ነው፣ የኔታ። ይታገሡኝ።»

እስከ ጥር ታገሡኝ።

በጥር ማጣሪያ ላጸዳ ስሄድ ወይዘሮ የሻረግ ደጅ ተቀበሉኝ። «እግዜር ይስጥህ፣ አያ ደምሴ! የአገሩ ጌሾ ሲጠወልግ የእኔው ቤቱን ሊውጠው ነው!»

ተስቤ ገባሁ። የጌሾው ሥር በግንቡ ድንጋይ መካከል ሾልኮ ገብቷል፤ ውኃውም ሥሩን ተከትሎ ይወርዳል። ማሽኑ ያወጣው ውኃ ከዕቃ እጣቢው ጋር ተመልሶ ይገባ ነበር። ወራት ሙሉ ያንኑ ውኃ ሳመላልስ ከርሜአለሁ።

በሆዴ እንደተኛሁ መጀመሪያ ያሰብሁት መዋሸትን ነው። ጎማውን በዝምታ አዙሬ «ማሽኑን አስተካከልሁት» ልል ነበር። ስወጣ ግን መሪጌታ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። የመጨረሻዎቹ አራት ቅጠሎች ተጣብቀዋል። በጥፍራቸው ሊለያዩአቸው ሲሞክሩ ቀለሙ አብሮ ተላጠ።

«የኔታ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልሁና ሁሉንም ነገርኋቸው።

መጽሐፉን ቀስ ብለው ዘጉ። ከዚያ «ተማሪ ዜማ ሲያበላሽ ምን እንደምለው ታውቃለህ?» አሉ።

«አላውቅም።»

«‹ድገም› ነው የምለው። ሂድ፣ ድገም።»

ጌሾው መነቀል ነበረበት።

«ማሽንህን ንቀል!» አሉ ወይዘሮ የሻረግ። «ለፋሲካ በምን ልጠነስስ ነው?»

«አንድ ፋሲካ ያለ ጠላ ብንውል አንሞትም» አሉ መሪጌታ።

«እርስዎ አይሞቱም። በእንግዳ ፊት የምሞት እኔ ነኝ!»

ዶማውን ያቀበሉኝ ግን ወይዘሮ የሻረግ ራሳቸው ናቸው።

ደገምሁ። ከቤቱ በላይ የጎርፍ ቦይ ቆፈርሁ። መሬቱን በወፍራም ላስቲክ ሸፍኜ ዳሩን ድንጋይ ጫንሁበት። ጎማውን ቁልቁል ወስጄ ከአጥሩ በታች አፈሰስሁት። በጉም ወራት የንፋስ ቀዳዳዎቹን በሳንቃ ዘጋሁ፤ አለዚያ ማሽኑ የጋይንትን ጉም ሁሉ ሲጠጣ ይኖራል። በበጋ ከፍቻቸው ማሽኑን አሳረፍሁ። ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ አጠብሁ፤ አቧራ የያዘውን ቱቦ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግሁ። መለኪያው አርባ ሲገባ ኮርቼ ነበር፤ መሪጌታ ግን «ብራናው መንኮሻኮሽ ጀመረ፤ ልታደርቅብኝ ነው?» አሉኝ። ሃምሳ አምስት ላይ ተውሁት። ስምንት ክረምት እዚያ ሥር ተሳብሁ። ጉልበቴን የበላው ያ መሬት ነው።

ማሽን ከመምረጣችሁ በፊት በሆዳችሁ ግቡና ውኃው ከየት እንደሚመጣ እዩ። ከተከላችሁም በኋላ የምታፈሱት ወዴት እንደሚሄድ ተከተሉት።

የሠራሁት ይህ ነው። ቁጥሩን የማላውቀው ሬዲዮ አናግሬአለሁ። በእስቴ ሦስት ወፍጮ፣ በወገዳ የቆመ የክትባት ፍሪጅ አስነሥቻለሁ። የመሪጌታን ወለል አንድ ጣውላ ሳይሰበር አቆይቻለሁ። መጽሐፋቸውን አድኛለሁ፤ አራት ቅጠል ሲቀር። የአራቱን ቅጠል ዜማ መሪጌታ ከቃላቸው አስጽፈውታል። በእነዚያ ቅጠሎች ኅዳግ የነበረው የመምህራቸው እጅ ጽሑፍ ግን አልተደገመም።