ስም የማይጠየቅበት አግዳሚ

ሼህ ይመር በዓለም ከተማ ገበያ ዳር ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። ለቄሱ ካባ፣ ለሙስሊሙ ጀለቢያ፣ ለአስተማሪው ሱሪ፣ ሁሉም በአንዲት አሮጌ የስፌት መኪና ነው። በሱቃቸው በር ላይ ያለችው አግዳሚ ግን ልብስ ለሚለኩ አልነበረችም። የሸሪዓ ጥያቄ ያለው ሰው እዚያ ተራ ይይዛል። ደንቡ ሁለት ነው፤ የባለጉዳዩ ስም አይጠየቅም፣ የተሰጠ ፍርድም አይታጠፍም።

ሼሁ ከመፍረዳቸው በፊት ሐኪም ስለሚጠይቁ፣ አንዳንድ ሽማግሌዎች በልስላሴያቸው ደስ አይላቸውም። "ኪታብ እያለ ሐኪም ምን ያደርጋል?" ይሏቸዋል። እሳቸውም ዓይናቸውን ከስፌቱ ሳያነሱ፣

"ሕጉ የመጣው ሃይማኖትን፣ ነፍስን፣ አእምሮን፣ ዘርን፣ ንብረትን ሊጠብቅ ነው። የዱሮ ዑለማዎች የስኳር መርፌ የሚወጋ ጾመኛ አላዩም። እኔ አየሁ። ስለዚህ የሚያውቀውን እጠይቃለሁ" ይላሉ። በዚህ ዓይነት ስንቷን ነፍሰ ጡር፣ ስንቱን ኩላሊቱን የሚያመውን በረመዳን ጾም አስፈትተዋል።

በ1995 ክረምት ስኳሩ እሳቸውኑ ያዘ። ጤና መኮንኑ ባምላኩ መርፌ አስጀመራቸው፤ ረመዳን ሲቃረብም፣ "አባባ፣ ዘንድሮ ጾም የለም። ስኳሩ ድንገት ከወረደ ላይነቁ ይችላሉ" አላቸው።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። ሼህ ይመር ለሰው ሁሉ ያን ያህል ምሕረት ሲቆርሱ ኖረው፣ ለራሳቸው ሲደርስ አሳነሱ። ጾሙ። ባለቤታቸው አንሻ ብትለምን ብታለቅስ፣ "ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ አንድ ቀን አልገደፍኩም። በስተርጅና ጌታዬ ፊት ምን ይዤ ልቅረብ?" ብለው ዘጉባት።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ቀና ሲሉ አንሻ ነጠላዋን ተከናንባ አግዳሚዋ ላይ ተቀምጣለች።

"ሼህ፣ ጥያቄ ነበረኝ" አለች፣ እንደ ባዕድ።

ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። "ጠይቂ።"

"አንዲት ሴት ናት። ባሏ የስኳር መርፌ ይወጋል። ሐኪሙ ብትጾም ትሞታለህ ብሎታል። እሱ ግን ይጾማል። ትላንት እጁ እየተንቀጠቀጠ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ሲያቅተው አይታዋለች። ምን ታድርግ?"

ሼህ ይመር የማን ባል ነው ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ደንቡ የራሳቸው ነው፤ መልሰው ገጠሙት። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክተው ብዙ አሰቡ። ለሌላው ቢሆን ይህን ያህል አያስቡም ነበር፣ ይህንንም ያውቁታል። አፈሩ።

"ነፍሱ የእሱ አይደለችም፣ አደራ ናት" አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። "ጾሙን ይፍታ፤ ስለሚገድፈው እያንዳንዱ ቀን አንድ ድሃ ያብላ። ሴትየዋም በእጇ ታጉርሰው።"

አንሻ ከነጠላዋ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ቂጣ አወጣች። ቆርሳ አጎረሰቻቸው። ሲያላምጡ እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ።

ቂጣው ገና ለብ ያለ ነበር።

"እሺ እንደምል በምን አወቅሽ?"

"አላወቅሁም" አለች። "ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ጋግሬ ይዤ እዞራለሁ። ማታ ቀዝቅዞ እኔው አፈጥርበታለሁ።"

ሼህ ይመር ለሁለተኛው ጉርሻ አፋቸውን ከፈቱላት።