ተወልዳ ባደገችበት የጠላት ዜጋ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ አልቪና ራትየ ግን ጉዷን የሰማችው በሰኔ ነው፣ ያውም ቅቤ ልታስረክብ በሄደችበት ፖስታ ቤት። አሜሪካ ከጀርመን ጋር ጦርነት ከገባች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ፕሩየት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ቅቤዋን ሲበላ የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ወይዘሮ ራትየ፣ ቅቤውን እዚያ ያስቀምጡትና እጅዎን ይታጠቡ። አሻራ ልወስድ ነው።»

«የምን አሻራ? ምን ሰርቄ?»

«ሰርቀው አይደለም። የጠላት ዜጋ ስለሆኑ ነው።»

ሳቀች። ቀልድ መስሏታል። ማንስ ቢሆን ምን ይመስለዋል? አልቪና የተወለደችው እዚያው ኔብራስካ፣ ከፖስታ ቤቱ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ፣ እናትና አባቷ ከሰሜን ጀርመን መጥተው ሣር ያዘለውን አፈር እንደ ጡብ እየቆረጡ በሠሩት ቤት ውስጥ ነው። ጀርመንን በካርታ ላይ አሳዪን ቢሏት እንኳ ጣቷን የት እንደምታደርግ አታውቅም። በስድስት ዓመቷ ዝይ ጠበቀች፣ በአሥር ዓመቷ ላም አለበች፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ዴትሌፍ ራትየን አገባች። ስድስት ወልዳ ሁለት ቀበረች። የመጨረሻው ልጇ አርኖ ለአሜሪካ ጦር እንዲዘምት ስሙ ወጥቶ፣ የሚሄድበትን ቀን እየጠበቀ ነበር። እንግዲህ የዚያን ልጅ እናት ነው ጠላት የሚሏት።

ጥፋቱ የባሏ ነው። ዴትሌፍ ክፉ ሰው አይደለም፤ ገበሬ ነው፣ በሽታውም እሱ ነው። በጎረምሳነቱ ከጀርመን እንደመጣ «ዜጋ ልሆን አስባለሁ» የሚለውን የመጀመሪያ ወረቀት አወጣ። ዋናውን፣ ሁለተኛውን ወረቀት፣ ከዓመታት በኋላ ዳኛ ፊት ቆሞ ምሎ መቀበል ነበረበት። ቀጠሮው ደረሰ። ታዲያ በዚያው ቀን ጎረቤቶቹ በጋራ የሚከራዩት የመውቂያ ማሽን እሱ ማሳ ላይ ተራው ደረሰ። ተራ ካለፈ አለፈ ነው፤ ማሽኑ ተመልሶ አይመጣም። «ዳኛ አይበሰብስም፣ ስንዴ ግን ይበሰብሳል» ብሎ ቀረ። ከእኛ ወንዶች ስንቱ እንዲህ አድርጓል መሰላችሁ! በዚያ ላይ በኔብራስካ የመጀመሪያውን ወረቀት የያዘ ሰው ድምፅ ይሰጥ ስለነበር ጠያቂ አልነበረም። ዴትሌፍ ወረቀቱን መስታወት አልብሶ ከሠርጋቸው ፎቶ ጎን ሰቀለው፣ ሃያ ምናምን ዓመት መረጠ፣ ግብር ከፈለ፣ ዜጋ ነኝ ብሎ ለጥ ብሎ ተኛ። ሕጉ ደግሞ ያገባች ሴት በዜግነት ባሏ የሆነውን ትሆናለች ይላል። ከዚያ ጦርነቱ ሲመጣ አንዱ የመንግሥት ሠራተኛ መዝገብ አገላበጠ፣ አለቀ።

ፕሩየት ጣቶቿን ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ተጫናቸው። ምንም አልወጣም። ደግሞ ሞከረ። ላም ማለብና ከአመድ የተሠራ ሳሙና የጣቷን መስመር ጨርሰው በልተውታል። በአራተኛው ግን እንደምንም ወጣላት፤ ፎቶዋ የተለጠፈበት ካርድም ተሰጣት። ሁልጊዜ መያዝ አለባት። ያለ ፈቃድ ከወረዳው አትወጣም። የጦር ሰፈር አጠገብማ ግማሽ ማይል እንኳ መቅረብ ያሳስራል።

ቤት እንደገባች ካርዱን ዴትሌፍ ሾርባ ላይ ልትጥለው ምንም አልቀራትም።

«አንተ ሰውዬ፣ ሁለተኛውን ወረቀት አላወጣህም?»

«የቱን?»

«የቱን ይለኛል ደግሞ! ዳኛው የሚሰጠውን።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «የመውቂያው ቀን ነበር እኮ።»

«ለስንዴ ብለህ አገሬን ነጠቅከኝ?»

«ጥሩ ስንዴ ነበር» አለ። ካመለጠው በኋላ ራሱ ደነገጠ። አልቪና ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረችውም፤ ጨው አቀብሉኝ የምትለው እንኳ በልጇ በኩል ነበር።

አርኖ ነሐሴ ላይ ሄደ። በጥቅምት ያ ክፉ ጉንፋን አገር ምድሩን ሲያጭድ ቴሌግራም መጣ፦ ልጅዎ በጦር ሰፈሩ ሆስፒታል በጠና ታሟል፣ ቶሎ ይድረሱ። ለዚያችው ሴት፣ ግማሽ ማይል አትቅረቢ ለተባለችው።

ዴትሌፍ ቴሌግራሙን ይዞ ወጥ ቤት መሀል ቆመ። «እኔ አፌን ከከፈትኩ አለቀልን፤ ገና ሰላም ስል ነው የሚያውቁኝ። አንቺ ግን እንግሊዝኛሽ እንደነሱ ነው። ካርዱን እዚህ ተይው።»

«ብያዝስ?»

«ትታሰሪያለሽ» አለና አለቀሰ። አልቪና ያን ሰው ሲያለቅስ አይታው አታውቅም፤ ልጆቻቸውን ሲቀብሩ እንኳ። እሷ ራሷ ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም፤ የእሁድ ካፖርቷን ለብሳ ባቡር ተሳፈረች።

በር ላይ ያለው ጠባቂ ቴሌግራሙን አየና «ራትየ የየት አገር ስም ነው?» አላት።

«የባሌ ስም ነው። እኔ የኔብራስካ ልጅ ነኝ።»

ውሸት አልነበረም። አነጋገሯን ሰምቶ አሳለፋት።

ውስጡን ሲያዩት ያሳቅቃል። የወታደር ማደሪያ የነበረ ረጅም ቤት ነው፤ አልጋ ላይ አልጋ፣ ሳል ላይ ሳል። ነርሷ አፍና አፍንጫዋን በጨርቅ ሸፍናለች። አርኖ ጋ ወሰደቻትና ቀስ ብላ «እናቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለቻት። «ልጅዎ ሲቃዥ በጀርመንኛ ነው። ያ አሥር አለቃ እዚያ የቆመው ለዚህ ነው፤ የሚለውን እንዲያዳምጥ ታዟል። ሊጠይቀው የመጣ ሁሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚያናግረው። እርስዎም በእንግሊዝኛ ብቻ ያናግሩት፤ ያኔ እስከፈለጉ ድረስ መቀመጥ ይችላሉ።»

አልቪና ተቀመጠች። የልጇ ከንፈር ጠቁሯል። እጁን ያዘችና በእንግሊዝኛ «አርኖ፣ እኔ ነኝ» አለችው።

ዓይኑን ገለጠ። ፊቷን አየ፣ ግን ትኩሳቱ ጋርዶበታል። እናቱ ከተወለደ ጀምሮ በእንግሊዝኛ አናግራው አታውቅም።

ከዚያ ወደ ነርሷ ዞሮ በቤታቸው ጀርመንኛ፣ እንደ ጨዋ ልጅ፣ «እባክሽ እህቴ፣ ይቺን ሴትዮ እናቴን ጥሪልኝ በያት» አለ። «ከመጨለሙ በፊት ትድረስልኝ።»

ነርሷ አልገባትም። አልቪና ግን ገባት። ቀና ስትል አሥር አለቃው እያያት ነው። ዝም ብትል ማታውን ሁሉ የልጇን እጅ ይዛ መቀመጥ ትችላለች። እሱ ግን ባዕድ ሴትዮ እጅ ውስጥ ሆኖ እናቱን ይጠብቃል። ማን ነው ይሄን ምርጫ ለእናት የሚሰጥ? እስቲ ንገሩኝ።

ጎንበስ ብላ በጆሮው በቤታቸው ቋንቋ ተናገረች።

«እማዬ» አለ አርኖ። «መጣሽ እንዴ?»

አሥር አለቃው አልጮኸባትም። ክንዷን ይዞ አስነሳትና ወደ ቢሮ ወሰዳት። እዚያ አንድ መኮንንና ወጣት ጸሐፊ ነበሩ። መታወቂያ ጠየቋት፤ የለኝም አለች። የጠላት ዜጋ ነሽ ወይ አሏት፤ አዎ፣ ተብያለሁ አለች። ከዚያ መኮንኑ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ዋናውን ጥያቄ ጠየቃት።

«ለወታደሩ በጀርመንኛ ምን ብለሽ ነገርሽው?»

«ተኛ አልኩት። ላሞቹን እኔ አልባቸዋለሁ፣ አንተ ተኛ አልኩት።»

መኮንኑ ዞሮ «ጻፈው» አለ። ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ነክሮ ጀመረ። ያኔ በሩ ተከፈተ፤ ነርሷ ነበረች። ፊቷን የሸፈነችበትን ጨርቅ አውርዳ፣ እንባ ባቀረረ ዓይን አልቪናን አየቻት። አልቪና ከወንበሯ ተነሣች። ጸሐፊው አንገቱን እንዳቀረቀረ «ላሞቹን እኔ» ከሚለው በኋላ ምን እንደነበር ደግማ እንድትነግረው ጠየቃት።