አደሱን የበላው ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ በመላ ሀርጌሳ ተረት ሊጀመር ነው ሲባል የምትበሳጭ ልጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሌላው ልጅ ተረት ንገሩን እያለ አዋቂ ያስቸግራል፤ እኔ ግን የእናቴ አጎት አባባ ይማም ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ነገር ዓለሙ ያስጠላኝ ነበር።

ጣጣው የአደሱ ነው። ያኔ ከተማዋ ከጦርነት ፍርስራሽ እየተነሳች ስለነበር ለግንበኛ ሥራ ሞልቶ ነበር፤ አባቴም ከወሎ ይዞን የመጣው ለዚሁ ነው። አባባ ይማም ሲከተሉን የአደስ ችግኝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው አመጡና ጣሪያው ገና ባላለቀው ቤታችን ግቢ ተከሉት። ቅጠሉ ክረምት ከበጋ አይረግፍም፤ ነጭ አበባው ሲፈነዳ ግቢው ያውዳል። ግን ሞልቃቃ ነው፤ ነፋስ አይችል፣ ጥም አይችል። ውሃ ደግሞ በአህያ በርሜል እየመጣ የሚገዛ ነበር። እናቴ ወንዶቹ ሁሉ አደሱ ሥር ቁጢጥ ብለው ለሶላት የሚታጠቡትን ውዱእ እንዲያደርጉ አዘዘች፤ የጎደለውን እኔ በጣሳ እሞላለሁ።

እህቴ ከድጃ በርበራ ወደብ ላይ ለሚነግድ ያገራችን ልጅ ታጭታ ነበር። የሙሽራ ቅቤ አደስ ተወቅጦ ካልገባበት ሙሽራዋ ዘመድ የሌላት ትመስላለች ትል ነበር እናቴ። ስለዚህ ያ ቁጥቋጦ እስከ ሠርጉ ቅጠሉን ይዞ መቆየት ነበረበት፤ ጠባቂውም እኔ ሆንኩ። የሰፈሩን ፍየሎች በእሾህ አጥረን ከለከልናቸው። ሰውን በምን እናጥረው?

ማታ ማታ ያገራችን ሰዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሲሚንቶ የደረቀበት እጃቸውን ይዘው ይመጡና አደሱን ከበው ይቀመጣሉ። ፍሙ ይግላል፣ ፋኖሱ ይንጠለጠላል፣ አባባ ይማም ባሏ ጅብ ሆኖ ስለተገኘባት ሙሽራ ይጀምራሉ። ተረቱ ሲጥም እጅ ሥራ ይፈታል። አንዱ ሳይታወቀው ቅጠል ቀንጥሶ ያሸታል፣ ሌላው በጣቱ ያሻል፣ ጋሽ ታደሰ የሚባለው ለሳኝ አንዱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሌላ ይቀነጥሳል። ጅቡ ሙሽራዋን ሊበላት ሲቃረብማ ምንጠራ ነው። እጃችሁን ሰብስቡ ብዬ ስነጫነጭ አባባ ይማም «ተይ ልጄ፣ ሽታ አይከለከልም» ይሉኛል። ወላሂ እንደዚያች ቃል ያቃጠለኝ ነገር የለም። ጠዋት ስነሳ አንዱ ጎኑ ተመልጦ አገኘዋለሁ።

በመጨረሻ እናቴ ተቆጥታ ሰዎቹን ውጭ በር ላይ አስቀመጠቻቸው። አባባ ይማም እዚያ አልሆነላቸውም። አቧራው ሲያስላቸው፣ የመኪናው ጩኸት ሲያቋርጣቸው፣ ጅቡን መንገድ ላይ ትተው «ነገ እንጨርሰዋለን» ይላሉ፤ በማግስቱም እንዲሁ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ቀሩ። አደሱ ግን ለምለም ቅጠል አወጣ፤ እኔም ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ሠርጉ ሲቃረብ ከድጃ ራሷ ተነስታ ምንጣፉን ከበር ላይ አንስታ አደሱ ሥር መልሳ አነጠፈችው።

«ምን ነካሽ? ምን ተቀብተሽ ልትዳሪ ነው?» አለቻት እናቴ።

«ተራ ቅቤ። ዘመድ የሌላት የምመስለው እነዚህ ሰዎች ሲቀሩብኝ ነው፣ እማ። ደግሞ የዚያችን ሙሽራ መጨረሻ ሳልሰማ በርበራ አልሄድም።»

ሰዎቹ ተጠርተው መጡ። ያን ማታ ተረቱ አለቀ፤ አደሱም አብሮ አለቀ። ከድጃ ከዋሄን ገበያ የተገዛ ቅቤ ተቀብታ ተዳረች፤ ግቢው በሰው ጢም ብሎ ነበር። እኔ ድካሜ ሁሉ ገደል ገባ ብዬ ቀኑን ሙሉ አኩርፌ ዋልኩ።

አባባ ይማም ካረፉ ቆዩ። ግንበኞቹም ሥራ ወደጠራቸው ተበተኑ። እኔ እዚሁ አግብቼ ቀረሁና ከአደሱ ሥር ያቆጠቆጠውን በራሴ ግቢ ተከልኩት። ዛሬ ቁመቱ ከእኔ በልጧል፤ ለስንት ሙሽራ ይበቃል። የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ማሻአላህ ብሎ ያደንቀዋል፣ በጨዋነት ግን እጁን አይሰድበትም። ማታ ማታ ወጥቼ አየዋለሁ። አንድ ቅጠል እንኳ አይጎድልበትም፤ እሱም ያናድደኛል።